ሳልቀምስ ያበሰልኩበት ረመዳን

በዚያ ቤት የተቀጠርኩት በምላሴ ነው። በአነጋገሬ ማለቴ አይደለም፤ ዐረብኛዬ ያን ጊዜም ዛሬም ወልጋዳ ነው። ካርቱም ውስጥ ካፉሪ የሚባል ሰፈር ያለው የዚያ ቪላ እመቤት ወጥ ቤት የምትገባ ሴት ስትፈልግ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ምን ምን መሥራት እንደምችል አልነበረም። «ረመዳንን ትጾሚያለሽ?» ነበር ያለችኝ። ክርስቲያን ነኝ፣ አልጾምም አልኳት። «ተማም» አለች፣ ጥሩ ነው ማለቷ ነው፤ ፊቷ በራ። ቀኑን ሙሉ እህል ውሃ የማይቀምስ ቤተሰብ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ የሚቀርብለትን ወጥ ጨው የሚያይለት ሰው ያስፈልገዋል። ያ ሰው እኔ ሆንኩ።

ማዳም ነበር የምላት። ባሏ ነጋዴ ነው፤ ዝምተኛ፣ ወጥ ቤት ደርሶ የማያውቅ። የባሏ እናት ከኋላ ባለው ክፍል ይኖራሉ። ሱዳኖች አያትን ሐቦባ ስለሚሉ እኔም ሐቦባ እላቸው ነበር። ስኳርና የደም ግፊት ስላለባቸው ሐኪም ጾምንም ጨውንም ከልክሏቸዋል፤ ምግባቸው ለብቻው ይሠራል። በሌላው ጊዜ ይህ ምንም አልነበረም። በረመዳን ግን ሐቦባ ያፍራሉ። ምሳቸውን በጨርቅ ሸፍኜ፣ የሰረቅሁት ይመስል ጥግ ጥጉን ይዤ ነበር የማደርስላቸው። በሩን ዝጊው ይሉኛል። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ሁለት ጊዜ ይጎርሱና ሳህኑን ይመልሱልኛል።

እኔ ደግሞ በዚያው ወር ደረቴን ነፍቼ ነበር የምዞረው። በካርቱም ረመዳን ወንዶቹ ቤት ውስጥ አያፈጥሩም። ምንጣፍ በር ላይ ያነጥፋሉ፣ ከየቤቱ ትሪ ይወጣል፣ መንገደኛውን እጁን ይዘው እየጎተቱ ያስቀምጡታል። ስለዚህ የአንድ ቤት ወጥ የሚቀመሰው በሰፈሩ ሁሉ ነው። የእኛ ትሪ ተጠርጎ ሲመለስ የማዳም አንገት አንድ ስንዝር ይረዝማል፤ የኔም እንደዚያው። ሦስት ረመዳን እንዲህ አለፈ።

ችግሩ የመጣው ሁለቱ ጾሞች ሲገናኙ ነው። ረመዳን በየዓመቱ ዐሥር ቀን ያህል እየቀደመ ከፍልሰታ ላይ ደረሰ። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ብልሃት አገኘሁ። ከማንኪያው ጫፍ እቀምሳለሁ፣ ምላሴ ላይ አዞረዋለሁ፣ ማጠቢያው ላይ እተፋዋለሁ፣ አፌን ሦስት ጊዜ እጉመጠመጣለሁ። ሦስት ያደረግሁት በሥላሴ ስም ነው። ያስተማረችኝ ከጎን ያለው ቪላ የምትሠራ ያገሬ ልጅ ነበረች። «ዋጥሽው እንዴ? ወላሂ አልዋጥሽውም። ያልተዋጠ ነገር ጾም አይሽርም፣ ኸላስ፣ በቃ» ትለኛለች። ካርቱም ውስጥ በሰው ወጥ ቤት የምናድር የሐበሻ ሴቶች ብዙዎቻችን በዚህ ሕግ ነበር የምንተዳደረው።

ደቡቡ ከሱዳን ተገንጥሎ በሄደበት ዓመት ረመዳን በገባ በሳምንቱ ፍልሰታ ሊገባ ሆነ። ከዋዜማው በፊት ባለው አርብ፣ የሀገሩ የዕረፍት ቀን ስለሆነ፣ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ከንስሐ አባቴ ፊት ተቀመጥኩ። ሌላ ሌላውን ተናዝዤ ስጨርስ ይህንን ጨመርኩበት፤ በሙያዬ እየኮራሁ እንጂ እየተጸጸትኩ አልነበረም።

«አባ፣ ሥጋውን ቀምሼ እተፋዋለሁ እንጂ አልውጠውም።»

«ለምን ትተፊዋለሽ?» አሉኝ።

«ጾም ነዋ፣ አባ።»

«ጾም መሆኑን ካወቅሽ ለምን አፍሽ ታስገቢዋለሽ?»

ያን ያህል ቀላል ጥያቄ ይመጣል ብዬ አልተዘጋጀሁም ነበር። «ሥራዬ ነው» አልኳቸው። «ካልቀመስኩ ምን ይሠሩብኛል? ያባርሩኛል። ኢቃማዬ የሚታደሰው በባልየው ዋስትና ነው፤ ከዒድ በኋላ ደግሞ ጊዜው ያልፋል።» ኢቃማ ማለት የመኖሪያ ፈቃዳችን ነው። ያለ እሱ አንድ ቀን ገበያ ስወጣ ፖሊስ አፍሶ ይወስደኛል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አባም ያውቁታል፣ ስንቷን እስር ቤት ድረስ ሄደው ጠይቀዋል።

ሰሙኝና መጽሐፍ ቅዱስ ስለሚያወሳው ስለዚያ ጥንታዊ ንጉሥ ነገሩኝ። ምንም እንዳታስቀር ተብሎ ከዘመተ በኋላ የሰቡትን በጎች ለይቶ ያስቀረውን፤ ሲጠየቅም ለመሥዋዕት ነው ያለውን። «ሁሉን ፈጽሜአለሁ እያለ ለነቢዩ ሲናገር በጎቹ ከኋላው ይጮኹ ነበር» አሉኝ። «ያንቺም በግ ማንኪያዋ ናት። አንድ ቀን ትጮኽብሻለች።» ከዚያ ድምፃቸውን ለስለስ አደረጉ። መጽሐፉ በፍጹም ልቡ ለሚታዘዝ ሰው በረከቱን ሲቆጥር፣ በከተማና በእርሻ ጀምሮ ቡሃቃ ድረስ ይወርዳል አሉኝ። «እስከ ሊጥ ዕቃሽ ድረስ ያውቅሻል። አንቺ ግን ወጥ ቤቱን ለብቻሽ ልትይዥው ትፈልጊያለሽ። በይ፣ ዐሥራ አምስቱን ቀን አትቀምሺም። ለሴትየዋም በአፍሽ ትነግሪያታለሽ። ሁለቱ አንድ ትእዛዝ ናቸው።»

ተናድጄ ወጣሁ። መነኩሴ ስለ ወጥ ምን ያውቃል፣ እሳቸው ዓመቱን ሙሉ ቆሎ ነው የሚበሉት፣ እያልኩ አውቶቡስ ውስጥ ብቻዬን ተነጫነጭኩ። ግን የቡሃቃው ነገር ከልቤ አልወጣ አለ። ሰው ሁሉ ስለ ሰማይ በሚሰብክበት ቦታ እስከ ሊጥ ዕቃ የሚወርድ በረከት አለ መባሉን ከዚያ በፊት ልብ ብዬ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ፍልሰታ ገባ። መቅመሱን ተውኩ። ለማዳም መንገሩን ግን አልቻልኩም። ነገ እነግራታለሁ፣ ዛሬ ራሷን አሟታል፣ ዛሬ መብራት ጠፍቶ ተበሳጭታለች እያልኩ አሳደርኩት። እሷ ደግሞ ማታ ወጡ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆማ ማየት ልማዷ ነው። ስለዚህ ማንኪያውን እነክራለሁ፣ ወደ ከንፈሬ አስጠጋለሁ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ ትንሽ እቆያለሁ፣ ከዚያ ዞሬ «ተማም» እላለሁ። ለእግዚአብሔር አንዱን ጾም ጾምኩ፣ ለማዳም አንድ ውሸት ዋሸሁ። ሂሳቡ የተዘጋ መሰለኝ።

መቼም ሳይቀምሱ ማብሰል ይቻላል። ሽንኩርቱ ሲበስል ድምፁ ይቀንሳል፤ ዘይቱ ላይ መንጫጫቱን ትቶ ያጉረመርማል። ቲማቲሙ ጥሬነቱ ሲወጣ የሚሰጠው ሽታ አለ። ሙላህ የሚሉት ወጣቸው የደረቀ ባሚያ ዱቄት ይገባበታል፤ መድረሱን ከማንኪያው ላይ ሲንጠለጠል በዐይን ታውቂዋለሽ። በሁለት ቀን ውስጥ አፍንጫዬና ጆሮዬ ምላሴን የተኩ መስሎኝ ኮራሁ። ጨው ግን ሽታ የለውም። ድምፅም የለውም።

በሦስተኛው ቀን የባልየው እኅት ከገጠር የደረቀ ሥጋ ላከች። እኛ ከገበያ የምንገዛው ያለ ጨው የደረቀ ነው፤ ያ የመጣው ግን ጨው ጠጥቶ የደረቀ ነበር። ብቀምሰው በመጀመሪያው ንክኪ አውቀው ነበር። ወቅጬ ጨመርኩት፣ እንደ ወትሮዬ የጨው እፍኜን ጨመርኩበት፣ ማንኪያውን ከንፈሬ ላይ አስነክቼ «ተማም» አልኩ። ትሪው ወጣ። ጥቂት ቆይቶ ውሃ አምጡ ተባለ። እንደገና ውሃ። ለሦስተኛ ጊዜ የውሃውን ማሰሮ የተቀበለኝ ባልየው ራሱ ነበር፤ ዐይኑን ከኔ ላይ አሸሸ። ትሪው ሲመለስ ወጡ እንዳለ ነው፤ ዳር ዳሩ ብቻ ተነክቷል። በጌ ጮኸች።

ማዳም ወጥ ቤት ገባች። «ቀምሰሽዋል?»

«ቀምሼዋለሁ።»

አየችኝ። ጾሟን ከፈታች ገና ሩብ ሰዓት አልሆናትም። ማንኪያ አነሳችና ከድስቱ ቀድታ ወደ እኔ ዘረጋችው። «እንግዲያው አሁን ፊቴ ቅመሺውና ተማም በይኝ።»

ያቺን ማንኪያ ዛሬም አያታለሁ። አንድ ጊዜ ብጎርሳት ምላሴ ታሞ ነበር፣ ጉንፋን ይዞኝ ነበር ብዬ ማምለጥ እችል ነበር። ሥራዬም ወረቀቴም እዚያች ማንኪያ ላይ ነበሩ። እጄን ዘረጋሁ፣ ተቀበልኳት፣ ድስቱ ክዳን ላይ አስቀመጥኳት። ከዚያ በወልጋዳው ዐረብኛዬ ሁሉንም ነገርኳት። ጾም ላይ መሆኔን፣ ለሦስት ቀን ምንም አለመቅመሴን፣ ባለፈው ዓመት ደግሞ እየቀመስኩ እየተፋሁ ማሳለፌን፣ ያ ሁሉ «ተማም» ባዶ መሆኑን።

«ጾምሽን አልጠላሁም» አለች። «ብትነግሪኝ እኮ አንድ ነገር እናደርግ ነበር። ፊቴ ቆመሽ በየቀኑ ዋሸሽኝ። ኸላስ። ከዒድ በኋላ ሌላ ቤት ፈልጊ።»

እውነቱን ልናገር፣ ክፍሌ ገብቼ አለቀስኩ። ደግሞም ልቅሶው ሲያበቃ የሆነ ነገር ከደረቴ ላይ ወርዶ አገኘሁት። እዚያ ቤት ከገባሁ ጀምሮ በዚያ ዓይነት እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም። አርብ ለአባ ስነግራቸው «ታዲያ ምን ያስለቅስሻል? ገና አሁን ታዘዝሽ» አሉኝ። «ቡሃቃዬስ?» አልኳቸው፤ ነገር መያዝ አይለቀኝም። ሳቁና «ጠብቂው» አሉኝ።

ግን ከዚያ አርብ በፊት፣ በነገርኳት ማግሥት፣ ቤቱ ውስጥ ሌላ ነገር ተጀምሮ ነበር። ማዳም ጠዋት ድስቱ አጠገብ ቆማ ስታስብ አገኘኋት። «እኛም ዘንድ ለምታበስል ሴት በምላስ ጫፍ ቀምሶ መትፋት ይፈቀዳል ይላሉ» አለችኝ። «የኔ ልብ ግን አይቀበለውም።» ከተኮራረፍን በኋላ የመጀመሪያ ንግግሯ ነበር። ሳላስበው «የኔም» አልኳት። ሁለታችንም ወደ ድስቱ አየን።

የዚያን ቀን ምሳቸውን ይዤ ስገባ ሐቦባ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ግድግዳው ቀጭን ነው፤ የማታውን ክርክር አንድ ሳያስቀሩ ሰምተዋል። «ያ ቢቲ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «አንቺ በጾምሽ አትቀምሺም። ምራቴም አትቀምስም። በዚህ ቤት የማይጾም ሰው ጠፋ?»

ሳህኑን ፊታቸው አስቀመጥኩላቸው።

«እኔ አለሁ እኮ» አሉ። «ድስቱን አምጪልኝ።»

እፍኜን ማመን ስለተውኩ ጨውንም ለእሳቸው ምላስ ትቼ፣ ማታ ሊሆን ሲል በትንሽ ሳህን ወስጄ አቀመስኳቸው። ዐይናቸውን ጨፍነው አጣጣሙ፣ ትንሽ ቁንዶ በርበሬ አሉኝ፣ ጨመርኩ፣ «በቃ» አሉ። በሁለተኛው ቀን እንዲሁ። በአራተኛው ቀን በትራቸውን ይዘው ራሳቸው ወጥ ቤት መጡ። ሁለት ዓመት ያልረገጡት ወጥ ቤት ነው። ማዳም ከፍሪጁ ጎን አጭር በርጩማ አስቀመጠችላቸው፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ እኔን ማዘዝ ጀመሩ። ሽንኩርቱን አሳረርሽው። ክዳኑን ለምን ከፈትሽው። እናንተ ሐበሾች እሳት ትፈራላችሁ። እኔም አፍ አላነሰኝም፣ እመልስላቸዋለሁ። ምሳቸውን እዚያው በርጩማው ላይ ተቀምጠው፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ሰው እያያቸው ይበላሉ። ሥራ ላይ ናቸዋ። ሳህናቸው ባዶ ይመለሳል። የስኳር መጠናቸውን ልትለካ የምትመጣው ነርስ ምን አድርጋችሁላቸው ነው አለች።

የወጡም ነገር እንዲሁ ነበር። ማታ ትሪው ተጠርጎ ይመለሳል፤ ባልየው ከመንገድ ሲገባ የእናቱን ራስ ይስምና «ማሻላህ፣ ማሻላህ» ይላል። ሐቦባ ያንን ሰምተው የሚተኙት በፈገግታ ነው። እኔና ማዳም ግን እንደተቀያየምን ነበርን፤ ከዒድ በኋላ ያለችውን አላነሳችውም፣ አልሰረዘችውምም። በነዚያ ቀናት አንድ ነገር ብቻ ግራ ያጋባኝ ነበር። ትንሿ የጨው ዕቃ ልክ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ከመደርደሪያው ላይ ትጠፋለች፣ ጠዋት ቦታዋ ላይ ትገኛለች። የኔ እርሳት ነው ብዬ ተውኩት።

ነሐሴ ዐሥራ ስድስት ደረሰ። ማዳምን አስፈቅጄ ንጋት ላይ ሄድኩ፣ አስቀድሼ ተመለስኩ። ጾሜ ተፈትቷል። ግን ቤቱ ሁሉ ጾሞ እኔ ከድስት ሥጋ ላነሳ ደስ አላለኝም፣ ከእነሱ ጋር ልበላ ጠበቅሁ። ሐቦባ የዚያን ቀን ሙላሁን ከጠዋት ጀምረው ነበር የያዙት፤ ጥሩውን የበግ ሥጋ አስወጥተዋል። አዛን ሲሰማ ሁሉም ቴምራቸውን በሉ። ባልየው ትሪውን ሊያወጣ እጅጌውን ሲሰበስብ ሐቦባ በትራቸውን በሩ ላይ ጋረዱ።

«ቆይ። ዛሬ የዚህችም ጾም አልቋል። ዐሥራ ሁለት ቀን ቀምሼላታለሁ። ዛሬ እሷ ቀምሳ ትንገረኝ።»

ማንኪያ ሰጡኝ። ጎረስኩ። ለዐሥራ አምስት ቀን ሥጋ ያልነካው ምላሴ በደስታ ሊዘል ሲል ቆመ። ወጡ ጨው የለውም። ትንሽ አንሶታል ማለቴ አይደለም፤ ከነጭራሹ አልተነካም ማለት ይቀላል። ለካ እኒህ ሴት ለዓመታት ያለ ጨው ሲበሉ ኖረው፣ ለእሳቸው የጣት ጫፍ ጨው እንኳ ብዙ ነው። ቀና ስል ባልየው ከእናቱ ጀርባ ቆሞ ራሱን ይነቀንቅብኛል፤ እጁ የጀለቢያው ኪስ ላይ ነው፤ ኪሱ አብጧል። የጨው ዕቃዋን ያን ጊዜ አገኘኋት። ማዳም ከጎኑ በዐይኗ ትለምነኛለች፤ በይ ተማም በይ ነው ነገሩ። ሰፈሩ በሙሉ ዐሥራ ሁለት ማታ ጨው በድብቅ እየነሰነሰ በልቶ፣ ለአሮጊቷ ማሻላህ ሲል ከርሟል።

ማዳም ያባረረችኝ «ተማም» ብዬ ስለዋሸሁ ነው። ዛሬ ደግሞ እንድዋሽ ትለምነኛለች። ብዋሽላት ምናልባት ትታረቀኝ ይሆናል ብዬ አሰብኩ፤ አልክድም፣ አሰብኩ። ግን ያንን በግ ሁለተኛ ልጎትተው አልፈለግሁም።

«ሐቦባ» አልኩ፣ «ጨው አንሶታል።»

«ምን ያህል?»

«ብዙ።»

ውጭ ምንጣፍ ላይ የተቀመጡት ሰዎች ድምፅ ብቻ ይሰማል። ሐቦባ ዞረው ልጃቸውን አዩት፣ ከዚያ ኪሱን አዩት፣ ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። የነጋዴነት ሞገሱ ሁሉ ተገፎ እንደ ሕፃን የጨው ዕቃዋን አውጥቶ እጃቸው ላይ አስቀመጠ። ያለቅሳሉ ብዬ ፈራሁ። በርጩማቸው ላይ ተቀመጡና ሳቁ። ሆዳቸውን ይዘው፣ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ማዳምን ያዛት፣ ከዚያ እኔን፣ ከዚያ ያ ዝምተኛ ሰው ራሱ ግድግዳ ተደግፎ ሳቀ።

«ልጄ ዋሸኝ» አሉ ትንፋሻቸው ሲመለስ። «ምራቴ ዋሸችኝ። ጎረቤቱ ጾመኛ ሁሉ ዋሸኝ። እውነቱን የነገረችኝ ይህች ሐበሻ ናት። እሷን ነው ከዒድ በኋላ የምታስወጧት?»

ማዳም የጨው ዕቃዋን ከእጃቸው ወስዳ ለእኔ ሰጠችኝ። «አስተካክይውና ትሪው ይውጣ፣ ያላ» አለችኝ። አስተካከልኩት። ትሪው ወጣ፣ ተጠርጎም ተመለሰ፣ በዚያን ቀን ግን ኪስ ውስጥ ጨው አልነበረም። እኔ ከሐቦባ ጋር ወጥ ቤት ውስጥ ከአንድ ሳህን በላሁ። እንዲያ ጣፍጦኝ የበላሁት ፋሲካ የለም። የዒድ ማግሥት ባልየው ፓስፖርቴን ጠይቆኝ ራሱ ቢሮ ሄዶ ኢቃማዬን አሳድሶ መጣ።

ስለ በረከት ሲነሳ ሰው ሁሉ ቤትና መኪና ያስባል። እኔ የማስበው አባ የነገሩኝን ቡሃቃ ነው። ግማሹን ስታዘዝ ያገኘሁት አንድ ድስት ጨው ነበር። ሙሉውን ስታዘዝ ሥራዬ ተመለሰልኝ፣ ከዚያም በላይ ደግሞ ከግድግዳ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠው የሚበሉ አንዲት እናት ወደ ወጥ ቤታቸው ተመለሱ። ይህን እኔ አቅጄው ቢሆን ኖሮ እንዲህ አያምርም ነበር።

በሚቀጥለውም ዓመት ረመዳንና ፍልሰታ ተገናኙ። ማዳም ገና ሳልነግራት የፍልሰታን ቀናት ፍሪጁ ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ ከብባ አገኘኋት። ሐቦባ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ቀምሰው «በቃ» ይላሉ። እኔም ዐይን ዐይናቸውን እያየሁ፣ ሳልደብቅ፣ አንድ እፍኝ ጨው እጨምርበታለሁ። እሳቸውም እያዩኝ ድስቱን ክደኚው ይሉኛል።